ኩረጃ በስልክ፤ ጉዳቱና መድኃኒቱ

አባቶቻችን «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይላሉ። የተውሶ ወርቅ ለአንድ ቀን ሠርግ ቢያስጌጥም፥ በማግሥቱ ለባለቤቱ መመለሱ አይቀርም። በፈተና ጊዜ ከስልክ የሚቀዳ መልስም እንዲሁ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፥ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት ከጓደኞቼ የተሻልሁ ሆኜ ሳይሆን፥ እኔው ራሴ ወድቄበት ስለ ነበረ ነው።

ኩረጃ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አጤሬራ በእጅጌአቸው ይደብቁ ነበር። ነገር ግን አጤሬራ የሚያዘጋጅ ተማሪ ቢያንስ ደብተሩን ገልጦ ዋናውን ነገር መምረጥ ነበረበት። ዛሬ ግን ጥያቄውን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ፥ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን መጠየቅ ይበቃል። ኮራጁ ጥያቄውን በቅጡ ሳያነበው መልሱ ይመጣለታል።

ጉዳቱ ከአንድ ክፍል አልፎ አገር እንደሚያዳርስም አይተናል። በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ተሠራጨ፥ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። ጥያቄውን ከቶ ያላየው ተማሪ ካየው ጋራ አብሮ ተጐዳ። በ2009 ዓ.ም. ፈተናው በሚሰጥበት ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው፥ ተፈትሸው፥ ስልክ ሳይዙ ተፈተኑ። በዚያ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት የመጻሕፍት እጥረት፥ የሰላም መታጣትና ሌላም ብዙ ምክንያት እንዳለው አልክድም። ሆኖም ለዓመታት በሰው መልስ የኖረ ተማሪ ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚገጥመው ከራሴ አውቀዋለሁ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በፊዚክስ ፈተና ስልኬን ከጭኔ ሥር ደብቄ ከ20 18 አገኘሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የፈተናውን ወረቀት ተቀብሎ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ደንበኛ በገባ ቍጥር በጣቱ ያሳይ ነበር።

በሳምንቱ መምህራችን አንዳች ሳይጠረጥር፥ ላልገባቸው እንዳስረዳ ወደ ሰሌዳው ጠራኝ። ጥያቄው ከከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ ከ3 ሴኮንድ በኋላ ፍጥነቱ ስንት እንደሚሆን የሚጠይቅ ነበር። ጠመኔውን ይዤ ቆምሁ። በወረቀቴ ላይ በትክክል የጻፍሁትን አንዱን መሥመር እንኳ ማስታወስ አልቻልሁም። መምህሩም «ባለፈው ሳምንት የነበረህን ዕውቀት ማን ወሰደብህ?» አለኝ። የሚወሰድ ነገር እንዳልነበረኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወረቀቱ ግን ግድግዳው ላይ ነበረ። ሁለት ሳምንት ታግሼ አንድ ማታ «አባባ፥ ያ ማርክ የእኔ አይደለም» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን አውርዶ አጥፎ ሰጠኝና፥ «ልጄ፥ እኔ ሰፍቼ ባላስረከብሁት ልብስ ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተቈጣኝም። በሚቀጥለው ፈተና በራሴ ሠርቼ 9 አገኘሁ። የሰቀለልኝ የለም፤ ነገር ግን ዘጠኙን በማናቸውም ሰሌዳ ፊት ቆሜ ማስረዳት እችል ነበር።

ፈተና የሚጠቅመው ለማርክ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ከፊሎቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፥ ከፊሎቹ ግን አንብበው ሳያዩ እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ሳያዩ የጻፉት ሆኑ። እንግዲህ መልሱ ጠፍቶን የምንጨነቅባት ያች ደቂቃ ትምህርቱ በአእምሮአችን የሚተከልባት ናት ማለት ነው። ስልክ የሚነጥቀን ይህችኑ ደቂቃ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ስናጠና ደብተሩን ከድነን ራሳችንን እንጠይቅ። ስልክም ቢሆን ጠላት አይደለም፤ መልስ ስጠኝ በማለት ፈንታ ጥያቄ ጠይቀኝ ብንለው ደግ ረዳት ይሆናል። ሁለተኛ፥ ጓደኛችንን የምንወድ ከሆነ በፈተና ሰዓት መልስ ከመላክ ይልቅ ከፈተናው በፊት በነበረው ማታ እናስረዳው። ሦስተኛ፥ መምህሮቻችን መልሱን ብቻ ሳይሆን የደረስንበትንም መንገድ በቃል ቢጠይቁን ኩረጃ ትርፍ ያጣል። አራተኛ፥ ወላጆቻችን «ስንት አገኘህ?» ከማለታቸው በፊት «ምን ገባህ?» ቢሉን፥ እንደ እኔ ያለው ልጅ የሚዋሽበት ምክንያት ይቀንሳል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ነገ ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም ልብስ ሰፊ እንሆናለን። ሥራውን የሚሰጠን ሰው የሚጠብቀው በእጃችን ያለውን ሙያ ነው። ስለዚህ ዛሬ 9 ብናገኝም የራሳችን 9 ይሁን፤ በርሱ ላይ መጨመር ይቻላልና።