«በተአምር ዳነ» ከማለታችን በፊት

መግቢያ

አንደኛ ዓመት ላይ የዜና አጻጻፍ ትምህርት ስንጀምር ሁላችንም የሰማናት አባባል አለች። «ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው» የምትለዋ። ስቀን ደብተራችን ላይ ጻፍናት። እኔን ግን እስከ ዛሬ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በእኛ አገር እኮ ውሻ ሰውን ሲነክስም ዜና ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር አንዲት ንክሻ ለአንድ ቤተሰብ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሊሞት የደረሰ ውሻ በሕክምና ቢድንስ ዜና ነው ወይስ አይደለም? እኔ ነው ባይ ነኝ። ችግሩ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ «ሞተ ሲባል በተአምር ተነሳ» ተብሎ ይዘጋል። አንባቢው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን የእሱ ውሻ ነገ ቢታመም ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ገጹን ይገልጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንስሳ የሚድነው በምክንያት፣ በሰዓትና በወጪ መሆኑን፣ እኛም መጻፍ ያለብን እሱን መሆኑን ማሳየት ነው። ለዚህም ሦስት ጉዳዮችን እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትንሽ ወደ ኋላ

የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 ክሎድ ቡርዠላ በተባለ ፈረንሳዊ አማካይነት በሊዮን ከተማ ተመሠረተ። ከመነሻዎቹ ትልቁ ከብት ይፈጅ የነበረው ደስታ በሽታ ነበር እንጂ ውሻና ድመት አልነበሩም። ይኸው በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን ገብቶ የእርሻ በሬ ጨረሰና አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ረሃብ ካመጡት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ። ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእንስሳት ሕክምና በእኛ አገር በዋናነት የከብት፣ የበግ፣ የዶሮና የጋማ ከብት ሕክምና ሆኖ የኖረው ለምን እንደሆነ ያስረዳልና ነው። ውሻና ድመት የሚያክሙ የግል ክሊኒኮች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ሆኖም ብዙ ሰው ውሻው ሲታመም ሐኪም ቤት መውሰድ ትዝ አይለውም።

አንድ፦ ፓርቮ የያዘው ቡችላ

ፓርቮ የውሾች በሽታ ሆኖ የታወቀው በ1978 ሲሆን በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን አዳርሷል። ቫይረሱ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ሌላው ውሻ አሽትቶና ልሶ ይወስደዋል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ይታያል። ቡችላው ምግብ ይተዋል፣ ይፈዛል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያም ደም የተቀላቀለበትና ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ ይጀምረዋል።

ለምን ይገድላል? ቫይረሱ የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሕዋሳትን ነው፤ ማለትም የአንጀትን የውስጥ ሽፋንና የአጥንት መቅኔን። አንጀቱ ሲላጥ ውሃና ንጥረ ነገር መያዝ ያቅተዋል፤ ባክቴሪያም ወደ ደም ይገባል። መቅኔው ሲጎዳ ደግሞ ባክቴሪያውን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያንሳሉ። ስለዚህ ቡችላው በሁለት በኩል ይመታል። ሳይታከሙ ከቀሩ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ በጊዜ ተወስደው በደንብ ከታከሙት ግን ከ10 ውስጥ 8 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይድናሉ።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የሦስት ወር ቡችላ በዚሁ በሽታ ተይዞ ክሊኒክ ስንወስደው አብሬ ነበርኩ። ሐኪሙ እግሩ ላይ መርፌ ሰክቶ ግሉኮስ ሲያንጠለጥልለት ጎረቤታችን እትዬ ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ ለውሻም ግሉኮስ ይሰቀላል እንዴ?» አሉኝ። ይሰቀላል። የፓርቮ ሕክምና ዋናው ነገር እሱ ነው። በየቀኑ የወጣውን ፈሳሽ መተካት፣ ማስመለሱን ማስቆም፣ ባክቴሪያውን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መያዝ፣ ሙቀቱን መጠበቅና ማስመለሱ ጋብ ሲል ቶሎ ትንሽ ትንሽ ማብላት። የእትዬ ቡችላ አራተኛው ቀን ላይ ጅራቱን ቆላ፤ ስድስተኛው ቀን ላይ ቤቱ ገባ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ይህ ሁሉ ሕክምና ቫይረሱን አይገድልም። ቫይረሱን የሚያሸንፈው የቡችላው አካል ራሱ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ነው፤ እሱን ለመሥራት ደግሞ ቀናት ያስፈልጉታል። ሐኪሙ የሚያደርገው እነዚያ ቀናት እስኪያልፉ ቡችላውን በሕይወት ማቆየት ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱን ቀጥታ የሚይዝ የአንቲቦዲ መድኃኒት በቅድመ ሁኔታ ተፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ እሱ ቢኖርም ከላይ ያልኩት እንክብካቤ አይቀርም። እንግዲህ «በተአምር ዳነ» ብለን ብንጽፍ የተሰረዘው ምንድን ነው? ሰዓቱ ነው። አንድ ቀን ቆይቶ የተወሰደ ቡችላና በዕለቱ የተወሰደ ቡችላ እኩል ዕድል የላቸውም።

ሌላም የሚሰረዝ ነገር አለ፤ ክትባቱ። ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው መከተብ ይጀምራል፤ ከዚያም በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የሚደጋገምበት ምክንያት ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈውና ያ መከላከያ ከየቡችላው መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ነው። እትዬ ለሕክምናው የከፈሉት የክትባቱን ብዙ እጥፍ ነበር። በተጨማሪም ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይቆያል። በተራ ሳሙና አይሞትም፤ ወለሉ በደንብ ታጥቦ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ሁለት፦ መኪና የገጨው ውሻ

በከተማችን ሌላው የተለመደ አደጋ ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የተሰበረውን እግር ነው። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ እግሩን አያይም፤ አተነፋፈሱን፣ የድዱን ቀለምና የልብ ምቱን ነው የሚያየው። ድዱ ነጣ ማለት ደም ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሳንባው ተጎድቶ ወይም ፊኛው ፈንድቶም ሊሆን ይችላል። እግር ይጠብቃል፤ እነዚህ አይጠብቁም።

ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ ራጅ ይነሳና እንደ ስብራቱ በጄሶ፣ በብረት ወይም እግሩን በመቁረጥ ይታከማል። የቡችላ አጥንት በ3 እና 4 ሳምንት ሊገጥም ይችላል፤ የትልቅ ውሻ ግን ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። «ይቆረጥ» ሲባል ብዙ ባለቤቶች እሺ አይሉም፤ በሰው ዓይን ስለሚያዩት ነው። ውሻ ግን ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ፣ በተለይ የኋላ እግሩን ያጣ ውሻ ብዙም ሳይቆይ በሦስት እግሩ ይሮጣል።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ጉዳት ያመጣሉ። አንደኛው እግሩን አጥብቆ ማሰር ነው፤ ደም ከተከለከለ እግሩ ይሞታል፤ በጄሶ ይድን የነበረው ለመቆረጥ ይበቃል። ሁለተኛው የሰው ማስታገሻ መስጠት ነው። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልምና። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። አንድ የጋዜጣ ዓምድ ይህችን ብቻ ቢጽፍ ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

ሦስት፦ የመዳን ታሪክ የሌለበት በሽታ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ያሳየ ውሻ አይድንም። ሐኪምም አያክመውም፤ ምክንያቱም ሕክምና የለም፣ ለሚነካውም ሰው አደገኛ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 ያስጀመረው ክትባት ለተነከሰ ሰው የሚሠራው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ነው።

ታዲያ «የእኛ ውሻ አብዶ ነበር፤ መድኃኒት አጠጥተነው ዳነ» የሚል ባለታሪክ ቢያጋጥመን ምን እናደርጋለን? ሰውየው ላይዋሽ ይችላል። ግን አብዶ እንደነበር በምን አወቀ? በሽታው በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ውሻው ከሞተ በኋላ አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። ዲስቴምፐርን የመሳሰሉ ሌሎች በሽታዎችም ውሻን ያንቀጠቅጣሉ፣ ያንገዳግዳሉ። ስለዚህ የዳነው ውሻ በሽታው ሌላ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳንጠይቅ ብንጽፈው ነገ የተነከሰ ልጅ ያላት እናት ጽሑፋችንን አምና ክትባቱን ልትተው ትችላለች። የእኛ ስንፍና የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት ቦታ ይህ ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዘገባ ውስጥ ሁልጊዜ መግባት ያለበት ነገር አለ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ። ጤነኛ የሚመስለው ነካሽ ውሻ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ከላይ ያየናቸውን ስንጠቀልል፣ ስለ ዳነ እንስሳ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቢያንስ እነዚህን መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

1. በሽታው ምን እንደሆነ ማን አረጋገጠ? በምን ምርመራ?
2. ምልክቱ መቼ ታየ? ሕክምናውስ መቼ ተጀመረ?
3. የተደረገለት ምንድን ነው? ስንት ፈጀ?
4. ተከትቦ ነበር? ካልተከተበ ለምን?
5. በዚያው ሳምንት እዚያው ክሊኒክ ገብተው ያልዳኑት ስንት ናቸው?

አምስተኛዋን ጥያቄ አደራ አትርሷት። የዳኑትን ብቻ እየመረጥን ከጻፍን አንባቢው ሕክምና ሁሉን ያድናል ብሎ ያምናል፤ ውሻው የሞተበትም በራሱ ይፈርዳል። ገንዘብ ያነሳቸው፣ ዘግይተው የደረሱ፣ እንስሳው እንዳይሠቃይ በመርፌ እንዲሞት የወሰኑ ሰዎችም ታሪክ አላቸው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ርዕስ ስነግረው «ሰው መታከሚያ አጥቶ ስለ ውሻ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አጭር ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የመጣባቸው ከውሻ ነው። ለፓርቮ ብሎ ቡችላውን ክሊኒክ የወሰደ ሰው የእብድ ውሻ ክትባቱንም እዚያው ያስከትበዋል። በር ላይ የሚያድረው ውሻ ጤና ግቢ ውስጥ ከሚጫወተው ሕፃን ጤና ተነጥሎ አይታይም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የዳነ እንስሳ ታሪክ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ደስታውን አንቀንስ። ግን አንባቢው ደስ ብሎት ሲጨርስ፣ ቡችላውን መቼ እንደሚያስከትብና ሲታመምበት በስንት ሰዓት ውስጥ መውሰድ እንዳለበትም አውቆ ይነሳ። ቸር እንሰንብት።