ሐሳብ ሲነጥፍ፣ ድርሰት ሲያርፍ

ድርሰት እንድትጽፉ ታዛችሁ፣ ወረቀቱን ዘርግታችሁ፣ ርእሱንም አስፍራችሁ፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል እንኳ አልመጣ ብላችሁ ታውቃለችን? ይህ የስንፍና ወይም የዕውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ርእሱ ከመጠን በላይ ሰፍቷል፣ ወይም ጸሐፊው እየጻፈ ለማረም ይሞክራል። የሁለቱንም መፍትሔ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

ሀ. ርእስን ማጥበብ

«ሸዋ ሮቢት» በሚል ርእስ ጻፉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? ከቆላው ሙቀት፣ ከሮቢ ወንዝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚያልፈው መንገድ፣ ወይስ ከማሾውና ከሽንኩርቱ? ሁሉን ለመያዝ የሚፈልግ አንዱንም አይጨብጥም። ርእሱን «ሽንኩርት ከማሳ እስከ መኪና» ብትሉት ግን ሐሳቡ ራሱ መንገድ ይይዛል፤ መጀመሪያ ነቀላው፣ ቀጥሎ ለቀማው፣ ከዚያም በጆንያ መሞላቱና መጫኑ ይከተላል። መግቢያው ካስቸገራችሁ ከመካከል ጀምሩ፤ መግቢያ በኋላም ሊጻፍ ይችላል። ይህም እንቢ ካለ ነገሩን ለጓደኛችሁ በቃል አጫውቱትና የተናገራችሁትን ጻፉት።

ከይፋት ምድር፣ ከደብረ ሲና የተገኙት ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተባለውን ልቦለድ በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። ቆይተውም «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጁ። ደራሲ መመሪያ ማዘጋጀቱ፣ መጻፍ በተሰጥዖ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በትምህርትና በልምምድ የሚዳብር ሙያ መሆኑን ያስገነዝበናል።

ለ. ጽፎ ማሳረፍ

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳትሰርዙና ሳትደልዙ እስከ መጨረሻው ጻፉ። ከዚያም አስቀምጡት። አሁኑኑ ብታነቡት ዐይናችሁ የሚያነበው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልባችሁ ያሰባችሁትን ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የንግግር ጥበብ መምህር ኲንቲሊያኑስ፣ ጸሐፊ ጽሑፉን ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ እንደ ሌላ ሰው ሥራ አድርጎ እንዲያየው መክሯል። ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቅኔ ሆራስ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ዓመት እንዲቆይ ይመክር ነበር! ለእናንተ የቤት ሥራ አንድ ሌሊት ይበቃል።

የሚከተለውን ረቂቅ ተመልከቱ።

«የሮቢት ገበሬዎች ወንዙን በቦይ ይጠልፋል። ሽንኩርቱን ያጠጣሉ። ሽንኩርቱ ሲደርስ ሽንኩርቱን ይነቅሉታል። ዋጋው ከወረደ ይከስራሉ።»

ጸሐፊው በማግስቱ እንዲህ አረመው።

«የሮቢት ገበሬዎች ወንዙን በቦይ ጠልፈው ሽንኩርት ያጠጣሉ፤ ሲደርስም ይነቅሉታል። ሆኖም ዋጋው ከወረደ የወራት ድካማቸው ከንቱ ይሆናል።»

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ብዙ ሆኖ ሳለ ማሠሪያ አንቀጹ ነጠላ ነበር፤ ታረመ። ሦስት ጊዜ የተደጋገመው «ሽንኩርት» አንድ ጊዜ ብቻ ቀረ። ከሁሉም በላይ፣ ጸሐፊው ሊናገር የፈለገው ዋና ነገር በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ተደብቆ እንደ ነበር ተረዳ። የገበሬው ድካምና የገበያው ዋጋ አለመመጣጠን ኀይለ ቃል ሊሆን የሚገባው ነበር። ይህን ያሳየው ሌላ መምህር ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ሐ. በፈተና ጊዜ

በፈተና አዳራሽ ሌሊት አይታደርም። ስለዚህ ድርሰቱን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች እለፉ፤ በመጨረሻ ተመልሳችሁ በለሆሳስ እያነበባችሁ አርሙት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

መልመጃ

1. «ውኃ» የሚለውን ሰፊ ርእስ ስለ አካባቢያችሁ በሚናገሩ ሦስት ጠባብ ርእሶች ለውጡ።
2. ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ ሳትሰርዙ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ጻፉ። ደብተራችሁን ዝጉት።
3. በማግስቱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የባለቤትና የማሠሪያ አንቀጽ ስምምነትን፣ የቃላት ድግግሞሽንና የኀይለ ቃሉን ቦታ መርምራችሁ እንደገና ጻፉት።