ገዥው የሚለውና የሚያደርገው

ከውጭ አገር የእርሻ መሣሪያ ያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ሳይነሣ የእርሻው ወራት ሲያልፍበት፥ ምክንያቱን አስቀድሞ በዋጋው ላይ፥ ቀጥሎም በገበሬው አለመሠልጠን ላይ ማሳበብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ቢወቀስ፥ በብድር የገባ ዕቃ በመጋዘን እስካለ ድረስ ወለዱ መቍጠሩን አያቆምም። ኪሣራውም የሚጀምረው ዕቃው ጉምሩክን ካለፈ በኋላ ሳይሆን፥ የሚጠቀምበት ሰው ማን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ ትእዛዙ በተጻፈበት ቀን ነው።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ በውጭ አገር «ኤምፓቲ ማፕ» የሚባለው ሲሆን፥ በአማርኛ የተጠቃሚ ስሜት ካርታ ሊባል ይችላል። ዘዴው የወጣው ዴቭ ግሬይ የተባለ አሜሪካዊ በመሠረተው ኤክስፕሌን በተባለው ድርጅት ነው፤ በሰፊው የታወቀውም ግሬይ ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ጌምስቶርሚንግ» በተባለው መጽሐፍ አማካይነት ነው። አንድ ወረቀት ካርታ መባሉ ትንሽ ቢበዛበትም፥ አሠራሩ ቀላል ነው። በወረቀቱ መካከል አንድ ተጠቃሚ ይጻፋል፤ በዙሪያውም ያ ሰው የሚለው፥ የሚያስበው፥ የሚያደርገውና የሚሰማው በየክፍሉ ይሰፍራል። በአካባቢው የሚያየውንና ከሌሎች የሚሰማውን፥ እንደዚሁም ችግሩንና ሊያገኝ የሚመኘውን የሚጨምሩም አሉ።

የዘዴው ጥቅም ያለው አራቱን በመለያየቱ ላይ ነው። ገበያ የዋለ ባለሱቅ ሁሉ «ደግ ነው፥ እናያለን» የሚለው መልስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ይህ ቃል ከሰውየው ሥራ ጋር በአንድ መስመር ከተጻፈ ግን አሳሳች ነው። በተለያየ ክፍል ሲጻፍ፥ በቃሉና በሥራው መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ወሬ ይናገራል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በኢትዮጵያ የማረሻ ታሪክ ነው። የአገሩ ማረሻ አፈርን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ገበሬው አንዱን ማሳ እየደጋገመና እያቋረጠ ማረስ ግድ ይሆንበታል፤ ለጤፍማ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይታረሳል። አፈር የሚገለብጠው የአውሮፓ ማረሻ ይህን ድካም ይቀንሳል ተብሎ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን ጀምሮ ለማስገባት ተሞክሯል። በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአርሲ የተቋቋመው፥ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም ልዩ ልዩ የእርሻ መሣሪያዎችን ፈትኗል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከካዱ ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር በብድር የወሰደው የጭላሎ ገበሬ ብዙ ነበር፤ አዲሱ ማረሻ ግን ያን ያህል አልተስፋፋም። አዲስ ነገርን የሚጠላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማዳበሪያውንም በመለሰ ነበር።

ያን ገበሬ በወረቀቱ መካከል ቢያስቀምጡት ነገሩ ይገለጣል። በቃሉ፥ ድካሙ እንዲቀልለት ይፈልጋል፤ የታየውንም ማረሻ ያመሰግናል። በሥራው ግን በአንድ እጁ እርፉን ይጨብጣል፥ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ ሁለት እጀታ ያለው የፈረንጅ ማረሻ ለጅራፉ እጅ አይተርፍለትም። ሲመሽ ሞፈርና ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ይገባል፤ የብረቱ ማረሻ ግን ከባድ ነው። እርፉ ቢሰበር ከአጠገቡ እንጨት ቈርጦ ይተካዋል፥ ብረቱ ቢደንዝ የመንደሩ ባለእጅ ይስለዋል፤ የአዲሱ ብሎን ቢጠፋ ወዴት ይሄዳል?

የሚያስበውንና የሚሰማውን ደግሞ ለሻጭ አይናገርም። በሬዎቹ ከበጋው ወጥተው ከስተው ባሉበት ወራት ነው ማረስ የሚጀምረው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ ስለሚያርስ፥ የሚከብደው ማረሻ የሰው በሬ ቢጎዳበት ዕዳውና ኀፍረቱ የሱ ነው። ይህን ፍርሃት «ዋጋው ስንት ቢሆን ትገዛለህ?» በሚል ጥያቄ ማግኘት አይቻልም።

ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሠሩ መሐንዲሶች ኋላ የተከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እርፉንና ሞፈሩን እንዳሉ ትተው፥ አፈር የሚገለብጠውን ብረት ብቻ በዚያው እንጨት ላይ የሚገጠም አድርገው ሠሩት። ገበሬው የሚያውቀው እንጨትና ነጻ እጁ ቀሩለት። ይህም ቢሆን የአገሩን ማረሻ ከሜዳ አላስወጣውም፤ ነገር ግን መሣሪያው ከተጠቃሚው እጅና ትከሻ ተነሥቶ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው።

ማረሻ የማይሸጥ ነጋዴም በዚሁ መንገድ ሌላ ዕቃ ሊመረምር ይችላል። ከባቱ፥ ማለት ከዝዋይ፥ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አዳሚ ቱሉን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በደንበል ሐይቅ ዳርቻና በቡልቡላ ወንዝ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በሞተር ፓምፕ ውኃ ይለማል። የአዳሚ ቱሉ አንድ ባለሱቅ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ለማዘዝ አሰበ እንበል። የነዳጅ ወጪ የሚያማርረው ገበሬ ሁሉ «ይህማ ጥሩ ነው» ይለዋል፤ የሚለው ክፍል በዚህ ሞላ።

የቀሩት ክፍሎች ግን ከሱቁ ወጥቶ ማሳው ድረስ ሳይሄዱ አይሞሉም። ጥያቄውም በኦሮምኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጠየቅ የጨዋነቱ መልስ ያጥራል፥ እውነተኛው ይረዝማል። ሊታይ የሚገባው ይህ ነው፦ መሬቱ የራሱ ነው ወይስ ለአንድ ወቅት የተከራየው? የተከራየ ሰው ፓምፑን እየነቀለ ወደ ሌላ ማሳ ስለሚያዞር፥ በአንድ ቦታ የሚተከል ዕቃ አይመቸውም። የቤንዚኑን ፓምፕ ማታ ወደ ቤት የሚያስገባው ሌባ ፈርቶ ከሆነ፥ ሜዳ ላይ የሚያድረው የሶላር ሰሌዳ እንቅልፍ አይሰጠውም፤ ይህንም ፈሪ እንዳይባል ለባለሱቁ አይነግረውም። ገንዘብስ በእጁ የሚገባው መቼ ነው? ፓምፑ በሚያስፈልግበት በተከላ ጊዜ ኪሱ ባዶ ሊሆን፥ በሽያጭ ጊዜ ደግሞ የሽንኩርቱ ዋጋ ወድቆ ሊያገኘው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ገዥውን ከተጠቃሚው ጋር ማደባለቅ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ባለመሬቱ ሆኖ ፓምፑን ቀን በቀን የሚያንቀሳቅሰው ተቀጣሪ ወይም የእኩል አራሽ ከሆነ፥ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል። ሲበላሽ የሚጠግነው የባቱ መካኒክም ሦስተኛ ወረቀት ቢጨመርለት አይበዛም፤ ስለ አዲስ ሞተር የሱ ቃል ከሻጩ ቃል ይልቅ ይታመናልና።

በዐይን ያልታየውና በግምት የተጻፈው ሁሉ በሌላ ቀለም ሊጻፍ ይገባል። ወረቀቱ በዚያ ቀለም የሞላበት ባለሱቅ፥ ብዙ ዕቃ ከማዘዝ ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ፓምፕ ብቻ አምጥቶ ለአንድ የሽንኩርት ወቅት ማከራየትና ማታ ማታ ሰሌዳው የት እንደሚያድር ሄዶ ማየት ይሻለዋል።