«አንተ ቅደም»፦ የአቶሚክ ቦምብ እሽቅድምድም እንዴት ተጀመረ?

በደብረ ዘይት ሰንበት የሚነበበው ወንጌል ስለ ጦርነትና ስለ ጦር ወሬ ያወሳል። እኛ የደብረ ዘይት ወጣቶች ከዚህ ተነሥተን ስንወያይ «ኃያላኑ ዓለምን የሚያጠፋ መሣሪያ ለምን አከማቹ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ክፋት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን አብዝተን ያገኘነው ፍርሃትን ነው። (ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የተፈራው ሂትለር ነበር። ጀርመን እንዳትቀድም የሰጉ፣ ብዙዎቹም ከአውሮፓ የተሰደዱ ሊቃውንት፣ አሜሪካን ወደ ሥራው ገፋፉ። ቦምቡ ሳይደርስ ጀርመን ተሸነፈች፤ ሥራው ግን አልቆመም። ሐምሌ 9 ቀን 1937 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ በረሃ ተሞከረ። ከስምንት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትሩማን በፖትስዳም ለስታሊን አዲስ ኃይለኛ መሣሪያ እንዳላቸው ብቻ ነገረው፤ አቶሚክ የሚለውን ቃል አላነሣም። ስታሊንም በሰላዮቹ አማካይነት ነገሩን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ባንድ ወገን የተሰለፉ ወዳጆች እንዲህ ይደባበቁ ነበር! ሐምሌ 30 ሂሮሺማ፣ ነሐሴ 3 ናጋሳኪ ነደዱ።

ማቆሚያ ዕድል አልጠፋም ነበር። በሰኔ 1938 ዓ.ም. አሜሪካዊው ባሩክ የአቶሚክ ኃይል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ለተባበሩት መንግሥታት ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካ አስቀድሞ ቁጥጥሩ ይቋቋም፣ ቦምቡን ከዚያ በኋላ እተዋለሁ አለች። ሶቭየት ኅብረት ደግሞ አስቀድሞ ቦምቡ ይጥፋ፣ ቁጥጥሩ ይከተል አለች። «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ጊዜው አለፈ። ነሐሴ 23 ቀን 1941 ዓ.ም. ሶቭየት የራሷን ቦምብ አፈነዳች። በ1945 ዓ.ም. አሜሪካ በጥቅምት፣ ሶቭየት በነሐሴ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከሩ።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለችበት። ጥቅምት 20 ቀን 1954 ዓ.ም. ሶቭየት እስከ ዛሬ አቻ ያልተገኘለትን፣ 50 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ያህል ኃይል ያለውን ቦምብ አፈነዳች። በ25ኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችው ሐሳብ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጸደቀ። በኑክሊየር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ነበር። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አልሰጡም። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ። ከደጋፊዎቹ አንዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ከወር በፊት ያን ቦምብ ያፈነዳችው ሶቭየት ኅብረት! ይህን ስናነብ ሳቅም ኀዘንም መጣብን።

ኢትዮጵያ ግን የወረቀት ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀብላ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. ያንኑ ጋዝ በአባቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ረጭታለች። ክልከላውን ደግሞ የጠየቀችው ያ የተረጨባት አገር ናት።

አፍሪካን ከኑክሊየር መሣሪያ ነጻ ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነት በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ከአህጉራችን ውጭ ዘጠኝ አገሮች ዛሬም መሣሪያውን ይዘዋል።