ያረጀ የጣውላ ወለልን በጥቂት ወጪ ስለ ማደስ

ገና ቆሞ መሄድ ያልጀመረ ሕፃን የቤቱን ወለል በእጁና በጉልበቱ እየዳበሰ ይውላል፤ ያንኑ እጁንም መልሶ ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ የወለል ነገር የቤት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ከተሞች በኪራይ ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች ያረጀ የጣውላ ወለላቸውን በጥቂት ወጪ እንዴት ሊያድሱ እንደሚችሉ እንገልጻለን።

በደጋው አገራችን የሚበዛው በጭቃና በእበት የሚለቀለቅ ወለል ቢሆንም፥ በጣውላ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎችም ይገኛሉ። ጣውላ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተርና በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል። በዚህ ክፍተት አቧራና ጉድፍ ይከማቻል፤ ከእንስሳት ገላ የረገፈው የቁንጫ እንቁላል በዚያ ይፈለፈላል፥ እጩም ከጉድፉ እየተመገበ ያድጋል።

ተከራይ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ የወለል ጣውላን የመሳሰለ ጥገና የተከራዩ መሆኑን፥ ጥገናው ያስፈለገው በእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲሆን ግን የአከራዩ መሆኑን ይደነግጋል። የበሰበሰ ጣውላ የሚለወጠውም በዚሁ ስምምነት ነው።

ሥራው በበጋ ወራት ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ ብቅ ያለውን ሚስማር ሁሉ በመዶሻ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በሚስማር የተወጋ እግር መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላልና። ቀጥሎ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ረጭ እያደረጉ መጥረግ፥ ከዚያም በሞቀ የሳሙና ውሃ ነክረው በደንብ በጨመቁት ጨርቅ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ማጽዳት ነው። ውሃ ማፍሰስ ጣውላውን ያበሰብሰዋል። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ከፍቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ይገባል።

ሰፊውን ክፍተት በቃጫ ገመድ አጥብቆ መድፈን ይሻላል። ገመድ ጣውላው በክረምት ሲያብጥ አብሮ ይጨመቃል፤ ደርቆ የሚጠነክር መሙያ ግን ይሰነጠቃል ወይም ይገፋል። የሻከረውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ አፍንጫና አፍ ይሸፈን፥ ልጆችም ከቤት ይውጡ።

ነገር ግን ወለሉ አሮጌ ቀለም የተቀባ ከሆነ ፈጽሞ አይፈግፈግ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ የተወሰነው በ2010 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይገባል። እንዲህ ያለውን ወለል በእርጥብ ጨርቅ አጽድቶ በላዩ አዲስ ቀለም መቀባት ይበቃል።

ቀለም ላልነካው ጣውላ ርካሹ መድኃኒት በደጋው የምናመርተው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቃል፥ እንጨቱንም ከእርጥበት ይጠብቃል። ሌላው የምግብ ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ ሳይደርቅ ይቀርና አቧራ ይይዛል። በጨርቅ ስስ አድርጎ ቀብቶ፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን መጥረግ፥ ከዚያም እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት መታገሥ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ቢቀመጥ ዘይቱ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ፥ እሳት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ጨርቁን ከቤት ውጭ በድንጋይ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ግዴታ ነው።

ከእድሳቱ በኋላ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የቡና ምድጃም ከሥሩ ቆርቆሮ ወይም ሸክላ ሳይደረግበት በጣውላ ላይ አይቀመጥ።