በስልክ የሚታዘዙ ርካሽ አምፑሎች፤ ስምምነታቸውና እውነተኛ ዋጋቸው

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች መደርደሪያ ላይ አንድ አዲስ ዐይነት አምፑል እየተለመደ መጥቷል። ይህ አምፑል በግድግዳ ማብሪያ ብቻ ሳይሆን በእጅ ስልክ ወይም በድምፅ ትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋ፥ ብርሃኑም የሚጨምርና የሚቀንስ፥ አንዳንዱም ቀለሙን የሚለዋውጥ ነው። በተለምዶ ስማርት አምፑል ይሉታል። ዋጋው እየቀነሰ ስለ ሄደ ፈላጊው በዝቷል፤ ነገር ግን በርካሽ የተገዛው አምፑል ከደንበኛው ቤት መሣሪያ ጋር ካልተስማማ «አልሠራም» ተብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ነጋዴ ይህን ዕቃ ከማዘዙ በፊት የአሠራሩን መሠረት ማወቅ ይገባዋል።

ስለ ዋጋው መውረድ

ፊሊፕስ ሂው የተባለው አምፑል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 በአሜሪካ ለሽያጭ ሲቀርብ፥ ሦስት አምፑልና አንድ ማገናኛ ሣጥን ባንድነት 199 ዶላር ይጠየቅባቸው ነበር። ዛሬ በዚያው አገር ገበያ ተራው የዋይፋይ አምፑል በ10 ዶላር አካባቢና ከዚያም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ለዚህ አንዱ ምክንያት፥ እ.ኤ.አ. በ2014 በቻይና ሀንግዡ ከተማ እንደ ተመሠረተው እንደ ቱያ ያሉ ኩባንያዎች የመገናኛውን ክፍልና የስልኩን ፕሮግራም አዘጋጅተው ለልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ማቅረባቸው ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ቢለያይም በውስጡ ያለው ሥራ አንድ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው ስሙን ብቻ አይቶ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት፥ አምፑሉ በየትኛው የስልክ ፕሮግራም እንደሚታዘዝ ይጠይቅ።

አምፑሉ የሚነጋገርበት ቋንቋ

ሁለት ሰዎች የሚግባቡት አንድ ቋንቋ ሲያውቁ እንደ ሆነ ሁሉ፥ አምፑሉና የቤቱ መሣሪያም የሚግባቡት በአንድ የመገናኛ ዘዴ ሲገናኙ ነው። ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ዋይፋይ። ይህ አምፑል ሌላ ሣጥን ሳያስፈልገው ከቤቱ ራውተር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ይሁን እንጂ ርካሾቹ በአብዛኛው የሚቀበሉት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲሠራ ከተደረገ አያገኙትም። እንዲሁም በቤቱ ራውተር የሌለውና በእጅ ስልኩ ኢንተርኔት ብቻ የሚጠቀም ደንበኛ፥ ስልኩን ይዞ ከቤት ሲወጣ አምፑሉ ያለ መረብ ይቀራል።

2ኛ፤ ዚግቢ። ይህ ሀብ የሚባል ማገናኛ ሣጥን ይፈልጋል። አምፑሎቹ መልእክቱን እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ስለሚያስተላልፉ ለሰፊ ቤትና ለሆቴል ይመቻል። የፊሊፕስ ሂው አምፑሎችና አይኬያ ከዚህ ቀደም የሸጣቸው አምፑሎች በዚህ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ሆኖም አንዱ ኩባንያ የሠራው አምፑል በሌላው ሣጥን ላይ ቢበራና ቢጠፋም፥ ሌላው አገልግሎቱ ሊጎድል ይችላል።

3ኛ፤ ብሉቱዝ። ይህ ያለ ራውተርና ያለ ኢንተርኔት ከስልኩ ጋር በቅርብ ይገናኛል። ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ከቤት ውጭ ሆኖ ለማዘዝ ግን ሌላ ማገናኛ ያስፈልገዋል።

4ኛ፤ ማተር። ይህ በአሌክሳ፥ በጉግል ሆም፥ በአፕል ሆምና በስማርትቲንግስ መካከል የነበረውን አለመግባባት ለማስወገድ ታስቦ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የወጣ የጋራ ደንብ ነው። ያወጣውም እስከ 2021 ድረስ ዚግቢ አሊያንስ ይባል የነበረው ኮኔክቲቪቲ ስታንዳርድስ አሊያንስ ነው። የማተር ምልክት ያለበት አምፑል በነዚህ ሁሉ ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንደኛው፥ ከማተር አምፑሎች አንዳንዱ በዋይፋይ፥ አንዳንዱም ስሬድ በሚባል ዘዴ ይሠራል፤ የስሬዱ ዐይነት ከቤቱ መረብ ጋር የሚያገናኘው ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለተኛው፥ ማብራት፥ ማጥፋትና ቀለም መለወጥ በሁሉም ቢቻልም፥ ልዩ ልዩ ጌጠኛ አገልግሎቶች በአምራቹ ፕሮግራም ብቻ የሚገኙበት ጊዜ አለ።

የሒሳብ ምሳሌ

ለምሳሌ ያህል፥ የዋይፋዩ አምፑል 1,000 ብር፥ የዚግቢው አምፑል 800 ብር፥ የዚግቢው ሣጥን ደግሞ 4,000 ብር ይሸጣሉ እንበል። አምስት አምፑል የሚፈልግ ደንበኛ በዋይፋይ 5,000 ብር፥ በዚግቢ ግን 8,000 ብር ያወጣል። በ20 አምፑል ሁለቱም 20,000 ብር ይሆናሉ። 30 አምፑል ለሚገዛ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግን ዋይፋዩ 30,000 ብር፥ ዚግቢው 28,000 ብር ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ ርካሹ አምፑል የትኛው እንደ ሆነ የሚወስነው የአንዱ አምፑል ዋጋ ብቻ ሳይሆን የደንበኛው ብዛትና ቀድሞ በቤቱ ያለው መሣሪያ መሆኑን ነው።

ለባለሱቁም ሌላ ሒሳብ አለ። በ700 ብር ገዝቶ በ1,000 ብር የሸጠው አምፑል ተመልሶ ገንዘቡን ቢከፍልና ዕቃውን ዳግመኛ መሸጥ ባይችል፥ 700 ብር ይከስራል። ከያንዳንዱ የሚያገኘው ትርፍ 300 ብር ነውና፥ የአንዱ መመለስ የሁለት አምፑል ትርፍ በልቶ ከሦስተኛውም ይቀንሳል።

ስለ ቮልትና ስለ እግሩ

ከውጭ አገር የሚመጣውን ዕቃ በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪኩ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። የአሜሪካው ባለጥርስ አምፑል እግር ኢ26፥ በአውሮፓና በብዙ አገር የሚሠራበት ደግሞ ኢ27 ይባላል፤ ቁጥሩም የእግሩን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል። ልዩነታቸው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራው የአሜሪካ አምፑል በእኛ አገር ማቀፊያ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መብራቱ ሲለቀቅበት ግን ይቃጠላል፥ አደጋም ሊያመጣ ይችላል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ አምፑል ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ቢኖር፥ ባለሱቁ በአምፑሉ አንገት ላይ የተጻፈውን የቮልት ቁጥር አንብቦ ይምከረው።

ስለ ማብሪያውና ስለ መብራት መቋረጥ

አምፑሉ ትእዛዝ የሚቀበለው ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ነው። በግድግዳው ማብሪያ ከተጠፋ ስልኩ አያገኘውም፤ በዚግቢም ከሆነ የሌሎቹ መልእክት መተላለፊያ ሊቋረጥ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ብዙዎቹ አምፑሎች ሌሊትም ቢሆን በሙሉ ብርሃን ይበራሉ። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ለሚኖር ደንበኛ፥ ቀድሞ በነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ ሊደረግ የሚችለውን አምፑል መምረጥ ትልቅ አገልግሎት ነው። ብርሃን መቀነሻ ባለው የግድግዳ ማብሪያ ላይም እንዳይተክለው ይነገረው።

ስለ ፍጆታው

ወደ 800 ሉመን የሚሰጥ የኤል ኢ ዲ አምፑል 9 ዋት ያህል ይፈጃል፤ የጥንቱ ባለ60 ዋት አምፑል የሚሰጠውም ብርሃን ይህን ያህል ነው። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 45 ዋት ሰዓት ይሆናል። ስማርቱ አምፑል ግን ጠፍቶም ትእዛዝ ስለሚጠብቅ ጥቂት ይፈጃል። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ይህን ፍጆታ ከ0.5 ዋት እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ልክ በቀሪው 19 ሰዓት 9.5 ዋት ሰዓት ይጨመርበታል። ስለዚህ ቁጠባው የሚገኘው ከኤል ኢ ዲው እንጂ ከስማርትነቱ አይደለም፤ ይህንንም ለደንበኛው በእውነት መንገር ይገባል።

ከትእዛዝ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አስመጪው ለአቅራቢው በጽሑፍ ሊያቀርባቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው፤

ሀ) ቮልቱ ስንት ነው? እግሩስ ባለጥርስ ኢ27 ነው ወይስ ባለመንጠቆ ቢ22?

ለ) የመገናኛ ዘዴው የትኛው ነው? ሣጥን ይፈልጋልን?

ሐ) ኢንተርኔት ቢቋረጥ በቤት ውስጥ ይታዘዛልን? እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ኢንስቲኦን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አገልግሎቱን በድንገት ሲያቋርጥ፥ በኋላ በአዲስ ባለቤቶች ቢቀጥልም፥ ብዙ ደንበኞች ተቸግረው እንደ ነበር አይዘነጋም።

መ) ከመብራት መቋረጥ በኋላ ሁኔታው እንዴት ነው?

ሠ) የዋስትናው ዘመን ስንት ነው? የተመለሰውንስ ማን ይረከባል?

ከዚህም ጋር፥ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ሬዲዮ መገናኛ መሣሪያዎች የዐይነት ማረጋገጫ የሚጠይቀውን አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይረዳ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ጥያቄ ኪሳራን አያስቀርምና።

በመጨረሻም፥ ጥቂት ናሙና አስመጥቶ በራስ ቤትና በሱቅ መፈተን፥ ብዙ ካርቶን አዝዞ ከመጸጸት ይሻላል። ባለሱቁም ከመሸጡ በፊት «በቤትዎ ራውተር አለ? በየትኛው ፕሮግራም ይጠቀማሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህች የአንድ ደቂቃ ጥያቄ የዕቃውን መመለስ ታስቀራለች፤ ደንበኛውንም ለሌላ ቀን ታቆያለች።