የሞተር ቢስክሌትን የኋላ ሾክ በሌላ ሞዴል ስለ መለወጥ

በፎገራ ሜዳ ዋልካው ሲደርቅ የጎማው ፈለግ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። 50 ኪሎ ማዳበሪያ ጭኖ በዚህ የሚመላለስ ሞተር ቢስክሌት ሾኩ ዘይት ያፈስሳል፤ ሞላውም ይረግባል። ባለቤቱም ባሕር ዳር ወርዶ ከሌላ ሞዴል የወጣ ጠንካራ ሾክ ይገዛል። ነገር ግን ብሎኑ ገባ ማለት ሾኩ ተስማማ ማለት አይደለም።

ዘይት ካልፈሰሰ አስቀድሞ የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት አንድ ጥርስ ማዞር ይገባል፤ ይህ ወጪ የለውም። መለወጥ ግድ ከሆነ ጭነት ሳይኖር ከላይኛው የብሎን ቀዳዳ መካከል እስከ ታችኛው መካከል ይለካ። አዲሱም በዚሁ ልክ ይሁን። እንደ ቦክሰር ሁለት ሾክ ባለው ሞተር 1 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም የኋላው ከፍታ ያንኑ ያህል ገደማ ይጨምራል፤ መካከል ላይ አንድ ሾክ ብቻ ባለው ግን 2 እስከ 3 እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የካቴናው ውጥረት ይለወጣል፤ የጎን መቆሚያውም ያጥራል።

ሁለት ሾክ ያለው ሞተር ሁለቱም በአንድነት ይለወጡለት፤ አንዱን ብቻ መለወጥ ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ ነው። እጅግ ጠንካራ ሞላም ባዶውን ሲሄድ ጎማውን ከመሬት ያዘልላል፣ ፍሬንም አያስይዝም።

ከገጠሙ በኋላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይጫኑት፤ ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ሞላውም ማርሚታውን የሚነካ ከሆነ ሾኩ ወደ ሻጩ ይመለስ።